ለሌባ የተሰጠ አንቱታ

ሌባውን የናቅሁት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ነው። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ነገር ሳይብራራ ሲታለፍ አልወድም።

መጽሐፉ ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ጭጋግ ላይ የተሠራች ከተማ አለች፤ ጥላቸውን ቤት ትተው የሚወጡ መኳንንት አሉ፤ የሚሰሙ በሮች አሉ። በዚያች ከተማ ቁልፍ የሚከፈተው በውሸት ነው። ሰው ከንፈሩን ወደ በሩ አስጠግቶ አንድ ውሸት ሹክ ይላል። ውሸቱ ካማረ በሩ ይከፈታል፤ ካላማረ በሩ ራሱ ጮኾ ዘበኛ ይጠራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የከተማዋ አንደኛ ውሸታም ስለሆነ የማይገባበት ቤት የለም። ይሰርቃል፣ ይቀልዳል፣ ያመልጣል፣ እንደገና ይሰርቃል። መጽሐፉ ይኸው ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። የኔ ቅሬታ ሰዋስው ላይ ነው። ደራሲው ሌባውን አንቱ ይለዋል። ገና ታሪኩ ሲጀምር «ሌባው በመስኮት ገቡ» ይላል። ከዚያ ሌባው ኪሳቸውን ይሞላሉ፣ ሌባው ጣራ ለጣራ ይሮጣሉ፣ ሌባው ዘበኛውን ሰድበው ይሰወራሉ። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ይመስላል። አንባቢ ደራሲው በሌባው እያሾፈ ነው ብሎ ፈገግ ይላል። ጥቂት ገጽ ሲገፋ ግን ፈገግታው ይጠፋል፣ አክብሮቱ ይቀራል። ሰሌዳ ፊቴ ቢኖር ኖሮ ሁለት ቃል እጽፍ ነበር፤ ሰረቀ፣ ሰረቁ። ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ነች፤ ቀ ቁ ሆነች። «ሰረቀ» ሲባል የሚታየን እጁን ተይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ነው። «ሰረቁ» ሲባል ግን በቂ ምክንያት ያላቸው፣ ብንጠይቃቸው ቁጭ ብለው የሚያስረዱን ትልቅ ሰው ይመጡብናል። ደራሲው ሌባውን አንድ ደግ ሥራ ሳያሠራው በአንዲት ፊደል አስከበረው። ርካሽ ዘዴ ነው። የሚያናድደው ደግሞ መሥራቱ ነው።

የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበቱ ላይ ነው። ከግቢው ጥግ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ስቀጠር የተሰባበሩ ወንበሮች መጣያ ነበረች። አስጠርጌ፣ መደርደሪያ አስገብቼ፣ መጻሕፍቱን በፊደል ተራ ደርድሬ የንባብ ክበብ አደረግኋት። የሚመጡት ልጆች ጥቂት ነበሩ። አንዳንዶቹ የሚመጡት ለማንበብ ሳይሆን ከዝናብ ለመጠለል ነበር። ቢሆንም ክፍሏ የኔ ነበረች፤ በዚህ ግቢ ውስጥ እንዲህ ይሁን ብዬ እንዳልኩት የሆነልኝ ብቸኛ ነገር።

ሌባውን ወደዚያ ክፍል ያመጣችው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። መስኮት ሥር የምትቀመጥ፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሱን የምትጀምር ልጅ ነች። መጽሐፉን ከአጎቷ ልጅ ተውሳ አመጣችው። ሳይቆይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር፤ ሽፋኑ ተገነጠለ፤ ልጆቹም በአንቱታ ያወሩ ጀመር።

«ማስመሪያዎን ያውሱኝ።»

«አላውስዎትም፤ ያለፈው ጊዜ ሰብረዋል።»

አንዱ አርፍዶ ሲገባ «አረፈድክ» አልኩት። «ቲቸር፣ አረፈዱ ነው የሚባለው» ብሎኝ ወደ ቦታው ሄደ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

ምኑን ነው የወደዳችሁት ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው አንድ ቃል ነበር፤ «አራዳ ናቸዋ!» አራዳ ምን ማለት እንደሆነ አብራሩልኝ ስላቸው ተያዩ። ነገር ቶሎ የሚገባው፣ የማይሸወድ፣ መንገድ የማይጠፋው ሰው ነው አሉ። ተቃራኒውስ? «ፋራ» አሉ። ፋራ ማለትስ? ዓይናቸው ሁሉ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ፣ ማለትም ወደ እኔ።

ፋራ መሆኔን አልክድም። ተራዬን ጠብቄ የምገባ ሰው ነኝ። አራዳ የሚባለውንም ከመጽሐፍ በፊት አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቀበና የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ዝናብ እያካፋ ተሰልፈን ቆመናል። ጫማውን ያስወለወለ ጎልማሳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰልፉ ፊት ደረሰና እጁን ከፍ አድርጎ «እንዴት አደራችሁ ቤተሰብ! ለኔ ብላችሁ ነው በዝናብ የቆማችሁት?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ የታክሲውን ረዳት ትከሻውን መታ አድርጎ «አንተ፣ ምነው ጠፋህ?» አለው። ረዳቱ አይቶት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። በሩ ግን ተከፈተ።

«ተራ አለ እኮ!» አልኩ።

ዞር አለና «አውቃለሁ እናቴ፣ ቸኩዬ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም» ብሎኝ ገባ። ሰልፉ እንደገና ሳቀ። ከፊቴ የቆመችው ሴት ዞራ «አራዳ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ!» አለችኝ። የቀረው አንድ ቦታ ነበር፤ ተራው ደግሞ የሷ ነበር። ፀጉሯ ላይ ውኃ እየወረደ፣ ቦታዋን ለወሰደው ሰው ትስቅለት ነበር። ያን ቀን የገባኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የምንወደው ስለሚጠቅመን አይደለም። ሲስቅ አብረን ከሳቅን ከተሸወዱት ሳይሆን ከሸዋጁ ወገን የሆንን ስለሚመስለን ነው። ዝናቡ ግን አይሳሳትም፤ የሚያረጥበው የቀሩትን ነው።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ሌባው ወደ ቤተ መንግሥት የሚገቡበት አንድ ምዕራፍ አለ። ከተራራው እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አሮጊት መንገድ ላይ ያገኛሉ። በወሬ አታለው ሸክሟን ይወስዱና እንጨት ሻጭ መስለው በሩን ያልፋሉ። ደራሲው ስለ ብልሃታቸው ብዙ ይጽፋል። እንጨቷን ካጣች በኋላ ስለ አሮጊቷ የጻፈው «መንገድ ላይ ቀረች» የሚል ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ሽበት የወረሳት ሴት «ቀረች» ተባለች፤ ጎረምሳው ሌባ ግን «አለፉ»። ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶችን በየቀኑ ያያል። ልጆቹም ያያሉ። አንዳንዶቹ «ደህና ዋሉ እማማ» ብለው ያልፏቸዋል፤ ማንም አስተማሪ ሳያዝዛቸው እርስዎ ይሏቸዋል። መጽሐፉ ውስጥ ሲሆን ግን አይታያቸውም።

ልጅቷን ጠየቅኋት። «ያቺ ሴትዮ ያን ቀን ማታ ምን በላች?»

«የቷ ሴትዮ?»

«እንጨቷን የተሰረቀችው።»

«እንዴ ቲቸር፣ እሷ እኮ የእውነት ሰው አይደለችም!»

«ሌባውስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሳቸውማ የእውነት ናቸው» አለች።



ነገሩ በዚህ አበቃ ስል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ርዕሰ መምህራችን ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ፣ ኳስ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ያቺን የጥግ ክፍል ለስፖርት ዕቃ ፈልጌያት ነበር» አሉ። «ኳሱም መረቡም ኮሪደር ላይ ወድቋል።»

«ልጆች እያነበቡባት ነው እኮ።»

«ብዙ ናቸው?»

አዎ ማለት እችል ነበር። «እንደ ቀኑ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ዐርብ ከትምህርት በኋላ መጥቼ አያለሁ። አንባቢ ካለ ክፍሏ ያንቺ ናት። ከሌለ ግን የኔ ልጅ፣ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

ለክበቡ ልጆች ነገሩን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ዐርብ የምታነቡ ሁሉ ኑ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርጉት አንብቡ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም አልኩ። ልጅቷ ዓይኖቿ በሩ።

«ቲቸር አታስቢ። ምዕራፍ ሦስትን አንብበሽ የለ?»

አንብቤያለሁ። በምዕራፍ ሦስት ሌባው ሰው ዝር የማይልበትን የወዳጃቸውን ሆቴል በአንድ ሌሊት በሥራ ፈት ይሞሉትና ሊገዛው የመጣውን ሰውዬ ገበያ የደራ አስመስለው ይሸውዱታል።

«ሐሳቡም እንዳይመጣባችሁ!» አልኩ።

«እሺ ቲቸር» አሉ በአንድ ድምፅ። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን እሺ ያውቀዋል።

ዐርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስደርስ ክፍሏ ጢም ብላለች። መደርደሪያው ሥር የተቀመጡ አሉ፤ መስኮቱ ደፍ ላይ የወጡ አሉ፤ ደጃፉን ረግጠው የማያውቁ፣ ላባቸው ያልደረቀ የኳስ ቡድኑ ልጆች በሙሉ አሉ። ሁሉም መጽሐፍ ገልጠዋል። ድምፅ የለም። የሚያነብ ሰው ዝምታና የተደበቀ ሰው ዝምታ አይመሳሰሉም፤ ይህ ሁለተኛው ነበር። ውጡ ልል አፌን ስከፍት ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ ገቡ።

ዙሪያውን ተመለከቱ። ደስ አላቸው። ከዚያ ቁመቱ ከመደርደሪያው እኩል የሆነውን የትምህርት ቤቱን ግብ ጠባቂ አዩትና ቀረብ አሉ።

«አንተም ታነባለህ እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ምንድነው የያዝከው?»

«ታሪክ ነው ጋሼ።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ሽፋኑን አዩት። «ይሄ እኮ መዝገበ ቃላት ነው።»

ግብ ጠባቂው አልደነገጠም። «አዎ ጋሼ፤ ገና ‹ለ› ላይ ስለሆንኩ ብዙም አልገባሁበትም። አጀማመሩ ግን አሪፍ ነው።»

መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ሳቁን ለማፈን መጽሐፉን ነከሰው። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ማነው እናንተን እዚህ የሰበሰባችሁ?»

ያቺ መልስ የማያልቅባት ልጅ ከመስኮቱ ሥር «እሳቸው ናቸው» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ። ልጆቹ ቲቸር ይሉኛል፣ አንቺም ይሉኛል፤ ገና ወጣት ነኝ፣ አልቀየማቸውም። «እሳቸው» ብሎ የጠራኝ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ቆሞ የነበረ አስተማሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩም ልጅቷ በሳቸው ፊት አክብራ የጠራችኝ መሰላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ተባልኩ፤ እሱም ለኔ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «ከሁሉ አንቺ?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «እሳቸው የሚሉት ሌባውን ነው።»

«ሌባ?» በሩን ዞረው አዩ። «የምን ሌባ? የታል?»

«መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው።»

አሁን ክፍሉ አልቻለም፤ ፈነዳ። በሳቁ መሐል ሁሉንም አስረዳሁ። ምዕራፍ ሦስትን፣ አንቱታውን፣ እዚህ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ለዛሬ ብቻ የመጡ መሆናቸውን፣ እውነተኞቹ አንባቢዎች ጥቂት እንደሆኑ። ልጅቷ ጭንቅላቷን ይዛ ታየኝ ነበር፤ በሯን ራሷ ላይ የምትዘጋ ሰው ያየች ይመስል። ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ልጅቷ ዘረጉ።

«እስቲ ያንን መጽሐፍ አምጪው። ስለ ቁልፉ ሰኞ እንነጋገራለን።»

ቅዳሜና እሑድ ሽንፈቴን ተቀብዬ ሰነበትኩ። እሑድ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ተሳልሜ ስወርድ መጻሕፍቱን የት እንደማስቀምጣቸው እያሰብኩ ነበር። አንድ ነገር ግን አጽናንቶኛል። ክፍሏ ብትሄድም፣ ርዕሰ መምህሩን የሚያህል ትልቅ ሰው ያን መጽሐፍ ገልጦ ያየዋል። አንድ የበሰለ አንባቢ ንቀቴን ይጋራኛል አልኩ።

ሰኞ ቁልፉን ይዤ ቢሮ ገባሁ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ተደፍቷል። ገና ሳልቀመጥ «ከገደሉ የዘለሉ ጊዜ እኮ አለቀላቸው ብዬ ነበር!» አሉኝ።

«ማን?»

«እሳቸው ናቸዋ!»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የክፍሏ ቁልፍ ነው። ዐርብ የነገርኩዎት…»

«ውሰጂው፣ ውሰጂው። ኳሱ እዚሁ እኔ ጋ ጥጉ ላይ ይቀመጣል።» ሳቁ። «ልጆቹ ደግሞ ምን ዓይነት አራዶች ናቸው! ‹ገና ‹ለ› ላይ ነኝ› ይለኛል እኮ! ለባለቤቴ ነግሬያት ስንስቅ አመሸን። ስሚ፣ ቀጣዩ ቅጽ አለ አይደል?»

ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። ክፍሏ ተረፈች። ግን እንዴት እንደተረፈች ተመልከቱ። ልጆቹ ዋሹ፤ ውሸቱ ስላማረ በሩ ተከፈተ፤ ልክ በዚያ በማይረባ መጽሐፍ እንደተጻፈው። እውነቱን የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እውነቴን ሰውየው ሰኞ እንኳ አላስታወሱትም።

ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን አንብበው እንደጨረሱ መለሱት። በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንድ ልምምድ ሰጠሁ። የአሮጊቷን ምዕራፍ ገልብጡ፤ ግሦቹንና ቅጥያዎቹን ብቻ ለውጡ፤ ለአሮጊቷ አንቱታ ስጧት፣ ከሌባው ላይ ውሰዱበት፤ ሌላ ቃል እንዳትነኩ። አጉረመረሙ። ጻፉ። ያቺን ልጅ ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት፤ በፈጣን አንደበቷ ጀመረችው።

«አሮጊቷ እንጨታቸውን ተሸክመው ከተራራው ወረዱ። ሌባው መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ሸክሙን ላግዝዎት አላቸው። አመኑት። አወረዱለት። ይዞባቸው ሄደ። አሮጊቷ መንገድ ላይ ቀሩ።»

መጨረሻው ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ቀንሶ ነበር። አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ግብ ጠባቂው ከኋላ ወንበር እጁን እንኳ ሳያወጣ ተነሣ። ተቆጥቷል። «ቲቸር፣ ይሄማ ልክ አይደለም!» አለ። «እንዲህ ከሆነማ ሌባ ነው እኮ!»

«ተቀመጥ» አልኩት። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ከተማሪ የሰማሁት ምርጥ ትንታኔ ነው።

ለውጥ መጣ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ግን አልመጣም። ቅጽ ሁለት ክፍላችን የደረሰ ዕለት ልጆቹ በሩ ላይ ተሰለፉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ራሳቸው ተራ ያዙ። አንደኛ የቆመው ግብ ጠባቂው ነበር፤ መዝገበ ቃላቱን ትቶ የእውነት ማንበብ ጀምሯል። ከሱ ቀጥላ ልጅቷ። መጽሐፉን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ ርዕሰ መምህሩ በሰልፉ ጎን አልፈው ገቡ።

«መጣ እንዴ?» አሉ።

«ተራ አለ እኮ!» አልኩ። ቁልፉን ሊወስዱብኝ የሚችሉ ሰው መሆናቸውን አልረሳሁም፤ ቢሆንም አልኩት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ» አሉ፣ ለልጆቹ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው። «ለመገምገም ነው። ለተማሪ የሚሰጥ መጽሐፍ በኃላፊ ሳይገመገም አይሰጥም።»

እንዲህ የሚል መመሪያ በትምህርት ቤታችን የለም። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉና ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ልጆቹ አልተቆጡም። ግብ ጠባቂው ራሱ ባዶ እጁን አጨበጨበ፤ ልጅቷ «አራዳ ናቸው!» ብላ ሳቀች፤ ሰልፉ በሙሉ አብሮ ሳቀ።

እኔ ግን የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክዬ መጻፍ አለብኝ። ርዕሰ መምህሩ ያለ ተራው ገባ፤ ዋሸ፤ የልጆቹን መጽሐፍ ወሰደ።